«እግሩ ከባድ ነው»፦ አንድ ወጣት ተከላካይ በበረዶ ላይ እንዴት ይመዘናል?

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለዓመት መጽሐፉ ሲዘጋጅ ጥቂት ቦታ ብቻ አስተካክያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የማኅበሩ ሰብሳቢ ደውለው «ሃያ ደቂቃ አለሽ፤ ከሙያሽ አንድ ነገር አካፍይን» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር እናገራለሁ ብለው ጠብቀው ይመስለኛል። ርእሴን ስነግራቸው ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ «በረዶ ላይ?» አሉኝ። አዎ ጋሼ፣ በረዶ ላይ። ዛሬ የምነግራችሁ አሥራ አራት ዓመት የሆነው የበረዶ ሆኪ ተከላካይ የመንሸራተት ችሎታው እንዴት እንደሚመዘን ነው። ልጁ የራሴ ልጅ ነው። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ «ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ» ብሎኛል።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የምኖረው ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ነው። የቤተሰብ ሐኪም ነኝ፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የስፖርት ጉዳት የደረሰባቸውን ወጣቶች አያለሁ። እኛ ባደግንበት አገር በረዶ ማለት ክረምት ላይ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ነው። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ2006 ቱሪን ላይ ነው፤ ያውም በአንድ ስፖርተኛ፣ በበረዶ ላይ ሸርተቴ። እና እኔ የሆኪ እናት እሆናለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ልጁ ግን እዚያ ተወለደ፤ ጓደኞቹ የሚጫወቱትን መጫወት ፈለገ። ምን ላድርግ?

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ሜዳው በሰሜን አሜሪካ 61 ሜትር በ26 ሜትር ገደማ ነው፤ ዙሪያው በግድግዳ የታጠረ በረዶ። ከየቡድኑ ስድስት ሰው ይገባል፦ አንድ ግብ ጠባቂ፣ ሁለት ተከላካይ፣ ሦስት አጥቂ። ኳስ የለም፤ ፓክ የምትባል ጠፍጣፋ የጎማ ክብ አለች። አንድ ተጫዋች በአንድ ጊዜ በረዶው ላይ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ላልሞላ ጊዜ ነው። ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ይወጣል፣ ሌላው ይተካዋል።

የተከላካይ ሥራ ለምን ይከብዳል? በእግር ኳስ ተከላካይ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው ጥቂት እርምጃ ነው፤ ከዚያ ዞሮ ይሮጣል። የሆኪ ተከላካይ ግን ፊቱን ለአጥቂው፣ ጀርባውን ለራሱ ግብ ሰጥቶ፣ ወደ ፊት እየበረረ ከሚመጣ ሰው ጋር ተመጣጥኖ ወደ ኋላ መንሸራተት አለበት። አጥቂው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ተከላካዩ አያውቅም። በመጨረሻዋ ቅጽበት ከወደ ኋላ ወደ ፊት መዞር አለበት፤ ሲዞር ፍጥነቱን ካጣ በቃ፣ አጥቂው ከግብ ጠባቂው ጋር ብቻውን ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ተከላካይ ለመመልመል የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እግር ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። በምዕራብ ካናዳ ታላቁ የወጣቶች ሊግ ተጫዋቾቹን የሚመርጠው ልጆቹ ገና 15 ዓመት በሚሞላቸው ዓመት ነው። ልጄ የተወለደው በኖቬምበር ስለሆነ ምርጫው የሚደርሰው በ14 ዓመቱ ነበር። ከምርጫው በፊት በነበረው ክረምት አሠልጣኙ ጠሩንና አንድ መልማይ የጻፈውን ግማሽ ገጽ አሳዩን። «ጨዋታ ማንበብ፦ ጥሩ። ፓክ አያያዝ፦ ጥሩ። መንሸራተት፦ ከአማካይ በታች። እግሩ ከባድ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ደካማ ነው።» ይኸው ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ዝም አለ። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «እማዬ፣ እግር ከባድ ማለት በሽታ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። «ታዲያ ምንድን ነው? አንቺ ሐኪም ነሽ አይደል?»

መልስ አልነበረኝም። ሰባት ዓመት ሙሉ በየማለዳው በጨለማ ተነስቼ፣ ሻይ በቴርሞስ ይዤ፣ ጋቢ ደርቤ ስመለከተው ኖሬአለሁ። ግን መመልከት አልነበረም፤ መኩራት ነበር። ፓኩ ወደሄደበት ዓይኔ አብሮ ይሄዳል፤ ልጄ ፓኩን ሲነካ እጮኻለሁ፤ ሳይነካ ሲቀር ከጎኔ ካለችው እናት ጋር አወራለሁ። አንድም ቀን እግሩን አላየሁም።

መምህሮቻችን ያስተማሩንን ታስታውሳላችሁ። ኢንስፔክሽን፣ ፓልፔሽን፣ ፐርከሽን፣ አስከልቴሽን። በመጀመሪያው የዋርድ ሳምንታችን ከበሽተኛው እግር ዘንድ ቁማችሁ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፣ ሳትነኩ አምስት ደቂቃ እዩ ተብለን ነበር። ያኔ ሰዓት ማባከን ይመስለን ነበር። እኔ ይህንን ለማያውቁኝ ሰዎች ሳደርግ ኖሬ ለልጄ አላደረግኩም።

በዚያ ሜዳ ሁልጊዜ ከጥግ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ለብዙ ዓመት መልማይ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሄጄ ወረቀቱን አሳየኋቸው። አነበቡትና፣ «ይህ ፍርድ ነው፤ ምርመራ አይደለም» አሉኝ። ሐኪም መሆኔን አያውቁም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎናቸው እየተቀመጥኩ መመልከት ተማርኩ።

የመጀመሪያው ትእዛዛቸው «ፓኩን አትመልከቺ» የሚል ነበር። አንድ ልጅ ምረጪ፤ በረዶው ላይ ከገባበት እስኪወጣ ዓይንሽን አትንቀዪ። መጀመሪያ ከወገብ በታች፣ በሚቀጥለው ተራ ከወገብ በላይ። ሁለተኛ፣ መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አትፍረጂ፤ ሁሉም ትኩስ ነው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ሲደክመው እዪው። ሦስተኛ፣ በሚመቸው ጎን ሲዞር ማድነቅ ቀላል ነው፤ የማይመቸውን ጎን ጠብቂ። ደብተር ገዛሁና እንደ በሽተኛ ካርድ መጻፍ ጀመርኩ። የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

በቅድሚያ የሚታየው ቁመና ነው። ጥሩ የሚንሸራተት ልጅ ቁርጭምጭሚቱ፣ ጉልበቱና ዳሌው ሦስቱም ይታጠፋሉ። ከጎን ስታዩት ጉልበቱ ከጣቶቹ አልፎ ወደ ፊት ይወጣል፣ ደረቱ ግን ቀና ይላል። ብዙ ልጆች ዝቅ ያሉ የሚመስላቸው ወገባቸውን አጉብጠው ነው፤ ጉልበታቸው ቀጥ እንዳለ ነው። ጭንቅላቱንም እዩ። በየግፊቱ ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ከሆነ ጉልበቱ ወደ ፊት መሄድ ሲገባው ወደ ላይ እየባከነ ነው። የገፋው እግር እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ፣ ከዚያ ከሰውነቱ ሥር ተመልሶ መግባት አለበት። ተበልጦ የሚሄድ ልጅ እግሩን ከሥሩ አይመልስም፤ እንደ ፈረስ ጋላቢ ተከፍቶ ይቀራል።

ቀጥሎ ጠርዝ አለ። የጫማው ብረት ከታች ሲታይ አንድ ስለት አይደለም። መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ስለሚሳል ሁለት ጠርዝ አለው፦ የውስጥና የውጭ። የመንሸራተት ጥበብ በሙሉ ማለት ይቻላል በየትኛው ጠርዝ ላይ መቼ እንደሚቆም ማወቅ ነው። የውስጡ ለሁሉም ይቀላል፤ የውጭው ድፍረት ይፈልጋል፤ ሰውነትን ለመውደቅ እስኪቀርብ ድረስ ወደ ውጭ ማዘንበል ነው። ደግሞ ይሰማል! ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ጥሩ ጠርዝ በረዶውን ሲቆርጥ አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ መጥፎው ይፍቃል። አስከልቴሽን እዚህም ሠራ ማለት ነው።

ሦስተኛው የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች ናቸው። አንድ ልጅ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በስንት ሰከንድ ይጨርሳል የሚለው በወረቀት ላይ ያምራል፤ ግን ተከላካይ በጨዋታ ውስጥ ያን ያህል ርቀት በቀጥታ የሚሮጥበት ጊዜ እምብዛም ነው። ሥራው ቆሞ መነሳት፣ መቆም፣ እንደገና መነሳት ነው። ጣቶቹን ወደ ውጭ ከፍቶ፣ አጫጭር እርምጃ ወስዶ፣ ሳይንሸራተት መሬት እንደሚረግጥ ሰው ይነሳል ወይ? ወይስ ከመጀመሪያው ረጅም ግፊት ፈልጎ ይዘገያል?

አራተኛው የተከላካይ መለያ ነው፦ ወደ ኋላ መንሸራተትና መዞር። ወደ ኋላ ሲሄድ በእያንዳንዱ እግር በረዶው ላይ ግማሽ ክብ እየሳለ ይገፋል። በእሱና በአጥቂው መካከል ያለው ርቀት እኩል ሆኖ ይቆያል ወይስ እየሰፋ ይሄዳል? እየሰፋ ከሄደ እግሩን አያምነውም፤ ፈርቶ ቦታ እየለቀቀ ነው። አጥቂው ርቆ ሳለ እግሩን እያሻገረ ፍጥነት መሰብሰቡ መልካም ነው፤ አጥቂው ከቀረበ በኋላ ግን እግሩን ካጠላለፈ ተያዘ፣ በሌላው ጎን ያልፉታል። መዞሩን ደግሞ በግራም በቀኝም ቆጥራችሁ እዩ። ዳሌው ይከፈታል? ስንት ፍጥነት አጣ? ከዞረ በኋላ የመጀመሪያው እርምጃ ወዴት ሄደ?

የመጨረሻው እግር ላይ የማይታይ ነው። ፓኩ ከጀርባው ጥግ ገብታ፣ አጥቂ ሊገጨው እየበረረበት ሳለ ሄዶ ማምጣት አለበት። ጥሩ ተከላካይ ፓኩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በትከሻው ላይ አንዴ፣ ሁለቴ ዘወር ብሎ ያያል። መውጫውን የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ይታጠፋል፤ የማያውቅ ደርሶ ያስባል። ከሩቅ ስታዩት ሁለተኛው «እግሩ የዘገየ» ይመስላል። የዘገየው ግን ዓይኑ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ልጄን ለአራት ሳምንት አየሁት። ዓይኑ ቀድሞ ያያል። ወደ ኋላ ቀጥታ ሲሄድ ደህና ነው። ግን በውጭ ጠርዝ ላይ መቆም ሲገባው ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ በተለይ ሲደክመው። መልማዩ አልዋሸም። ያየው ነገር እውነት ነበር። ጥያቄው ለምን የሚለው ነው።

አንድ እሑድ ማለዳ ሽማግሌው ሜዳው ባዶ ሳለ አስጠሩን። ዛምቦኒ የሚባለው መኪና በረዶውን አልሶ፣ አዲስ ውኃ ቀብቶ፣ እንደ መስተዋት አድርጎት ወጥቷል። ልጁን ብቻውን በአንድ እግር ክብ እንዲሠራ ነገሩት፤ ከዚያ አስወጡትና እኔን በጫማዬ በረዶው ላይ አስገቡኝ። «ጎንበስ በይ፤ መስመሩን አንብቢ» አሉኝ። ብረቱ ጠርዙ ላይ ሲቆም በረዶው ላይ አንድ መስመር ይተዋል። ጠፍጣፋ ሲቆም ሁለቱም ጠርዝ ስለሚነካ ሁለት ቀጭን ትይዩ መስመር ይተዋል። የልጄ ክብ በአንድ መስመር ጀመረና ግማሽ ላይ ሲደርስ ሁለት ሆነ። ከዚያ እንደገና አንድ፣ እንደገና ሁለት። በግራም በቀኝም ያው ነው። እንደ ኢሲጂ ወረቀት ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

ሽማግሌው ልጁን አስቀመጡና ማሰሪያውን ፈቱ። ጣቶቹን ወደ ጫማው አፍንጫ እንዲገፋ ነገሩት። ከዚያ እኔን፣ «ጣትሽን ከተረከዙ ኋላ አስገቢ» አሉኝ። አንዱ ጣቴ ገባ። ሁለተኛው ገባ። አሁንም ቦታ ነበረው።

ወገኖቼ፣ ጫማውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ለምን ትልቅ ገዛሁ? «ያድግበታል» ብዬ ነዋ! (እዚህ ላይ አዳራሹ ሳቀ።) ሳቁ፤ እናቶቻችሁ ሁሉ ያደረጉት ነው። እኔም በልጅነቴ ጥጥ ወትፌ የሄድኩበት ጫማ ነበረኝ። የሆኪ ጫማ ብዙ መቶ ዶላር ያወጣል፤ በየዓመቱ መግዛት ያቃጥላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሐኪም ሆኜ የረሳሁት አንድ ነገር አለ። በጉርምስና ጊዜ መጀመሪያ የሚያድገው የእግር መዳፍ ነው፤ ቁመት ይከተላል። ልጄ በዚያ ዓመት ቁመቱ 9 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ ነበር። እኔ ቁመቱን አይቼ መዳፉም ይቀጥላል አልኩ፤ መዳፉ ግን እድገቱን አብዛኛውን ጨርሶ ነበር። ስለዚህ ሁለት ክረምት ሙሉ ተረከዙ በሚዋኝበት ጫማ ውስጥ ውጭ ጠርዝ ላይ ለመቆም ሲታገል ኖሯል። «ቁርጭምጭሚቱ ደካማ ነው» የተባለው ይኸው ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የራስን ልጅ ማከም እንደማይገባ ስለማውቅ አንድ ባልደረባዬ ዘንድ ላክሁት። በተለይ ዳሌውን እንዲያይልኝ ጠየቅኩት። በሆኪ ተጫዋቾች ላይ የጭን አጥንት አንገት ከራሱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተጨማሪ አጥንት ማበጥ ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ይታያል፤ የሚፈጠረውም አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ሳለ ነው። እንዲህ ያለ ዳሌ ታጥፎ ወደ ውስጥ ሲዞር ይገታል፤ ልጁ መዞር ያቅተዋል፣ ብሽሽቱን ያመዋል፣ አሠልጣኙ ደግሞ «ሰነፍ ነው» ይላል። የልጄ ዳሌ ደህና ሆኖ ተገኘ። የተገኘው ሌላ ነው፦ በአንድ እግሩ ቆሞ ቁጢጥ ሲል ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ቁመቱ ሮጦ የዳሌው ጡንቻ ገና አልደረሰበትም።

እንግዲህ «እግሩ ከባድ ነው» የምትለዋን ሐረግ ስንፈታት ሦስት የተለያየ ነገር ሆነች። በአንድ ወር የሚስተካከል አለ፦ ጫማ፣ የብረቱ አሳሳል፣ አስተሳሰር። በዓመታት የሚመጣ አለ፦ የጡንቻ ጉልበት፣ ቴክኒክ፣ ከረዘመ ሰውነት ጋር እንደገና መተዋወቅ። ብዙም የማይለወጥ ደግሞ አለ፦ የአጥንት አሠራር፣ ከተፈጥሮ የመጣ ፈጣን አነሳስ። መልማዩ የወረቀቱ ቦታ ስላነሰው ሦስቱንም በአንድ ቃል ጠራቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

መልማዮች ሞኞች ናቸው እያልኩ አይደለም። በክረምት ስንት ከተማ እየነዱ፣ በአንድ ምሽት አርባ ልጅ እያዩ የሚሠሩት ከባድ ሥራ ነው። የኛን የተመላላሽ ክፍል አስቡት። ነገር ግን የተወሰኑ ስሕተቶች ይደጋገማሉ። የካናዳ ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያሳዩት አንድ ነገር አለ፦ የዕድሜ መቁረጫው ጃንዋሪ 1 በሆነበት ሆኪ ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት ይበዛሉ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት የተወለዱት ያንሳሉ። በ14 ዓመት አሥር ወር ብዙ ነው። ቀድሞ የጎለመሰው «ጎበዝ» ይባላል፤ ጎበዝ የተባለው የተሻለ አሠልጣኝ ያገኛል፤ በመጨረሻ እውነትም ጎበዝ ይሆናል።

የኛኑ ከተማ ልጅ ኬል ማካርን ውሰዱ። ካልጋሪ የተወለደው ኦክቶበር 30፣ 1998 ነው። በ2013 በዚሁ የምዕራቡ ሊግ ምርጫ የተጠራው በስምንተኛው ዙር ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በታላቁ ሊግ ምርጫ አራተኛ ሆነ፤ በ2022 ከኮሎራዶ ጋር ዋንጫ ሲያነሳ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይም የፍጻሜ ጨዋታዎቹ ምርጥ ተጫዋችም እሱ ነበር። ዛሬ በመንሸራተት ችሎታ ማንን እንይ ብትሉ እሱን ይሏችኋል። ስዊድናዊው ኒክላስ ሊድስትሮም በ1989 በሦስተኛ ዙር 53ኛ ሆኖ ተመርጦ የምርጥ ተከላካይነት ሽልማቱን ሰባት ጊዜ ወሰደ። እሱን ሲጫወት ብታዩት የሚጣደፍ አይመስልም፤ ቦታው ላይ አስቀድሞ ይገኛል። 2 ሜትር ከ6 የሚረዝመው ስሎቫኪያዊው ዝዴኖ ቻራ በ1996 56ኛ ሆኖ ተመርጦ እስከ 45 ዓመቱ ተጫወተ።

በሌላ በኩል ቦቢ ኦር አለ። ተከላካይ እንዴት መንሸራተት እንደሚችል ለዓለም ያሳየ ሰው ነው፤ በ1970 የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስመዝጋቢ የሆነ የመጀመሪያው ተከላካይ። ጉልበቱ ግን ከተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና በኋላ አልቻለም፤ በ30 ዓመቱ አቆመ። የታላቅ እግር ዕድሜም በመገጣጠሚያ ይወሰናል። እኛ ሐኪሞች ልጅ ሲመዘን ከመልማዮቹ ጎን ቦታ ሊኖረን የሚገባው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እነዚህን ስሞች ለልጄ ስቆጥርለት ነበር። ከዚያ ራሴን ያዝኩ። በስምንተኛ ዙር ተጠርተው፣ ወይም ሳይጠሩ ቀርተው፣ ስማቸው ያልተሰማ ስንት ሺህ ናቸው? የዳኑትን ብቻ ቆጥሮ መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ነውር እንደሆነ ከዚህ ግቢ ነው የተማርነው።

ልጄ ምን ሆነ? በልኩ ጫማ ተገዛለት። በስድስተኛው ሳምንት ክቡ ከሞላ ጎደል አንድ መስመር ሆነ። የዳሌውን ልምምድ እያጉረመረመ ሠራ። ወደ ኋላ ሲሄድ ርቀቱን አጠበበ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎቹ ግን ያን ያህል አልፈጠኑም፤ በግራ በኩል ሲዞርም አሁንም ይዘገያል። ምርጫው ሜይ ላይ መጣ። ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብለን ስሞቹ ሲያልፉ አየን። ስሙ አልተጠራም።

ሽሮ አቀረብኩ። ዝም ብሎ በላ። ከዚያ፣ «እማዬ፣ ቢያንስ አሁን ምን እንደሚጎድለኝ አውቃለሁ» አለኝ። ዛሬ 16 ዓመቱ ነው፤ ከተማው ውስጥ ይጫወታል፤ የግራ መዞሩን ይለማመዳል። የት እንደሚደርስ አላውቅም። እኔም አልፈርድም።

ይህ ነገር ለምን እንዲህ ውስጤ ገባ? ካናዳ ስገባ የሥራ ፈቃድ ለማግኘት እኔም ተመዝኛለሁ። የመጀመሪያው መዛኝ በቅጹ ላይ አንድ ቃል ጻፈ፦ «ዘገምተኛ»። ያ ቃል ለወራት አብሮኝ ተኛ። ሁለተኛዋ መዛኝ ግን ከክፍሉ ጥግ ተቀምጣ አራት በሽተኛ ስመረምር አየችኝ። የጻፈችው እንዲህ የሚል ነበር፦ «በሽተኛው ተናግሮ እስኪጨርስ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ቀጣዩን ጥያቄ ትጠይቃለች። የመድኃኒት ስም ስትናገር ታመነታለች፤ እዚህ አገር የሚጠራበት ስም ስለሚለይ ነው።» ሁለቱም ያዩት አንድ ሰው ነው። የመጀመሪያው ፈረደብኝ፤ ሁለተኛዋ መረመረችኝ። የመድኃኒቶቹን ስም በሦስት ሳምንት አጠናሁ።

መምህሮቻችን፣ በተለይ ዛሬም በዋርድ የምታስተምሩ፣ እለምናችኋለሁ። የተማሪ መመዘኛ ቅጽ ፊታችሁ ሲቀርብ «ደካማ»፣ «ዘገምተኛ»፣ «እጁ ከባድ ነው» ከማለታችሁ በፊት ያያችሁትን ጻፉ፦ መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ጎን፣ ደክሞት ሳለ ወይስ ትኩስ ሳለ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። በሦስት ሳምንት የሚስተካከል ሊሆን ይችላል። የማይስተካከል ከሆነም ልጁ እውነቱን በዝርዝር የማወቅ መብት አለው፤ ዝርዝሩን ይዞ ሊሠራበት ይችላልና።

የማኅበራችን አባላትም በየዓመቱ ለተማሪዎች የምንሰጠው ምክር እንዲሁ ቢሆን እወዳለሁ። «በርቱ» ማለት ጥሩ ነው። ግን አንድ ማለዳ ቀድሞ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ መስመሩን ማንበብ ይበልጣል።

እናቶች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ጫማውን በልኩ ግዙ።